የ11 ዓመት ልጄ አውተር ዋይልድስ የሚባል የጠፈር ጌም ግዢልኝ ይለኛል፤ የምታውቁት ካላችሁ ንገሩኝ

የልጅ_እናት_ሜሪላንድ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ጓደኛው ሰምቶ አውተር ዋይልድስ የሚባል ጌም ካልተገዛልኝ እያለ ነው፣ ሰሞኑን ሌላ ወሬ የለውም። ስለ ጠፈር ነው፣ ተኩስ የለውም፣ ምስጢር እየፈለጉ ማግኘት ነው ይለኛል። ተኩስ የለውም ማለቱ ደስ ብሎኛል፤ ግን ትንሽ ቪዲዮ ከፍቼ ሳይ ፀሐይዋ ስትፈነዳና ተጫዋቹ ሲሞት አየሁ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ይነቃል። አያቱ ካረፉ ወዲህ ስለ ሞት ብዙ የሚጠይቅ ልጅ ነው፣ ማታ ማታም ይፈራል። ለዚህ ነው የከበደኝ። ደግሞ ኦንላይን ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያወራበት ከሆነ አልፈልግም፣ ካርዴ ላይ ገንዘብ እየቆረጠ የሚሄድ ከሆነም እንደዚያው። እኔ ጌም የሚባል ነገር አላውቅም፣ አባቱም ማታ ነው የሚሠራው። የተጫወታችሁ ወይም ልጆቻችሁ የተጫወቱ ካላችሁ በግልጽ ንገሩኝ፤ ይሁን ወይስ ይቅር?

የአሌክሳንድሪያው_አባት፦

ሰላም እህቴ። እኔና ልጄ አብረን ጨርሰነዋል፣ እሷ 12 ዓመቷ ነው። ይሁን ነው የምልሽ፤ ግን ከሁሉ በፊት ስሙን ልብ በይ። ዘ አውተር ወርልድስ የሚባል ሌላ ጌም አለ። ሁለቱም በ2019 ነው የወጡት፣ ሁለቱም ስለ ጠፈር ናቸው፣ ስማቸውም ለትንሽ ነው የሚለያየው። ያኛው ተኩስና ደም የሞላበት፣ ስድብም ያለበት ነው፤ እዚህ አሜሪካ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው የተባለው። ልጅሽ የሚፈልገው ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ የተባለውን ነው። ስትገዢ የሠሪው ስም ሞቢየስ ዲጂታል መሆኑን አይተሽ ግዢ። አያት ወይም አጎት ስጦታ ብለው ያኛውን ገዝተው ቢመጡ ማንም አይፈርድባቸውም፣ በጣም ነው የሚመሳሰለው።

አሁን ስለ ጌሙ። ተጫዋቹ ቲምበር ሃርዝ በምትባል ትንሽ ፕላኔት ላይ የሚኖር፣ አራት ዓይን ያለው ፍጡር ነው። መንደሩ ጫካ ውስጥ ነው፤ ቤቶቹ እንጨት፣ መንኮራኩሯም ግማሽ ጎኗ እንጨት ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጠፈር የሚወጣበት ቀን ነው። ከወጣ በኋላ የፈለገበት ይሄዳል። ይሄን ግደል፣ ያንን አምጣ፣ ቀጣዩ ሌቭል ይሄ ነው የሚለው የለም። ከብዙ ዘመን በፊት ኖማይ የሚባሉ ሦስት ዓይን ያላቸው ሕዝቦች እዚያ ኖረው ነበር፣ አሁን የሉም። ግድግዳ ላይ ትተውት የሄዱትን ጽሑፍ በመተርጎሚያ መሣሪያ እያነበበ ምን ይፈልጉ እንደነበርና ምን እንደደረሰባቸው ማወቅ ነው ሥራው።

ቪዲዮው ላይ ያየሽው እውነት ነው። 22 ደቂቃ ሲሞላ ፀሐይዋ ትፈነዳለች፣ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ ተጫዋቹ ግን እሳቱ ዳር ከነበረበት ቦታ እንደገና ይነቃል። በኪሱ ያተረፈው ዕቃ የለም። ጉልበቱ አይጨምርም፣ መሣሪያው አይሻሻልም፣ ነጥብም የለም። የሚተርፈው ያወቀው ነገር ብቻ ነው። ያም መንኮራኩሯ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ እየተመዘገበ ይቆያል። እኔ ጌሙን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ልጄ ሌላ ጌም ስትጫወት ሳንቲም ስትሰበስብ ነበር የማያት፤ እዚህ ስትጫወት ግን ደብተር አውጥታ መጻፍ ጀመረች፣ ማንም ሳያዛት።

አንዷን ልንገርሽ። ብሪትል ሆሎው የምትባል ፕላኔት አለች፤ ውስጧ ባዶ ነው፣ መሃሏ ላይ ብላክ ሆል፣ የቀረበውን ሁሉ ስቦ የሚውጥ ነገር፣ አለ። የላይኛው ቅርፊቷ ቀስ በቀስ እየተሰበረ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ልጄ ስትራመድ ከእግሯ ስር ያለው መሬት ተነደለና ወደ ብላክ ሆሉ ገባች። ጮኸች፣ አለቀልኝ ብላ ኮንትሮለሩን ለቀቀችው። ግን አልሞተችም። ከፀሐይ በጣም ሩቅ ቦታ፣ ጨለማው ውስጥ ተንሳፋ ተገኘች። ዙሪያዋን ስታይ የፕላኔቷ ስብርባሪዎች አጠገቧ እየተንሳፈፉ ነው። ዝም ብላ ትንሽ አየችና «አባ፣ እዚያ የወደቀ ሁሉ በዚህ በኩል ነው የሚወጣው ማለት ነው!» አለችኝ። ማንም አልነገራትም። ራሷ ናት ያየችው።

ሌላው ደግሞ ለእኛ ለውጭ አገር ወላጆች የሚጠቅም ነገር ነው። ጽሑፉ ብዙ ነው፣ በድምፅ አይነበብም፣ አማርኛም የለውም። ስለዚህ እሷ በእንግሊዝኛ ታነብና ምን እንዳለ ለእኔ በአማርኛ ታስረዳኛለች። «ኖማዮቹ እዚህ የመጡት አንድ የሰሙትን ምልክት ተከትለው ነው፣ ግን ከየት እንደመጣ ጠፋባቸው» እያለች። አማርኛ እንለማመድ ብዬ ባስቀምጣት እንደዚያ አታወራም። አጠገቡ ከተቀመጥሽ አንቺም ታሪኩን ትከታተያለሽ፣ እሱም ፍርሃቱ ይቀልለታል።

ቦሌ_ጌመር፦

ሰላም እትዬ። እኔ ልጅ የለኝም፣ ግን ጌሙን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የተጫወትኩት። ቴክኒኩን ልንገርዎት።

ኦንላይን ያሉት ነገር አያሳስብዎት። አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ነው፤ ቻት የለውም፣ ከማንም ጋር አያገናኝም። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አንዴ ነው የሚከፈለው፤ ውስጡ የሚገዛ ዕቃ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ሎተሪ ነገር የለም።

ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አንድ ነገር ቀይሩለት። ሲያነብና ሲነጋገር ጊዜው ቀጥ እንዲል የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ያብሩለት። አለበለዚያ ግድግዳ እያነበበ ሳለ 22 ደቂቃው ያልቅበታል፣ ይናደዳል፣ ሳያነብም መዝለል ይጀምራል። ሳያነቡ ደግሞ ይሄ ጌም ምንም ትርጉም የለውም።

መንኮራኩር መንዳቱ መጀመሪያ ያስቸግራል። ጠፈር ላይ ፍሬን የለም፤ ወደፊት ከገፉት እየሄደ ነው የሚቀረው። ልጆች ፕላኔት ላይ ይላተማሉ፣ ግድ የለም፣ እንደገና ይነሳሉ። ፍጥነትን ከሚሄዱበት ፕላኔት ጋር የሚያስተካክል ቁልፍ አለ፣ እሱን መጀመሪያ ይልመድ። መንኮራኩሩን በራሱ የሚነዳ አውቶፓይለትም አለ፣ ግን ቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው። መሃል ላይ ፀሐይ ካለች ፀሐይዋ ውስጥ ይዞት ይገባል። ወንድሜ ይሄን በደንብ ነው የተማረው።

ስለ ሰዓት ገደብ ይሄ ጌም ከሌሎቹ ይሻላል ባይ ነኝ። «ሌቭሌን ልጨርስ» የሚል ሰበብ አይሠራበትም፤ ፀሐይዋ ስትፈነዳ ዙሩ አለቀ፣ ያኔ ይጥፋ። መሃል ላይ ቢጠፋም ያወቀው ነገር ተመዝግቦ ይቀራል፣ ዙሩ ብቻ ነው ከመጀመሪያው የሚነሳው። ስለዚህ ራት ቀረበ ብለው ቢጠሩት ምንም አልጠፋበትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዩቲዩብ ላይ መልሱን እንዳያይ። እዚህ ጌም ውስጥ ቁልፉም በሩም ዕውቀት ነው፤ መልሱን ከሰማ ለሁልጊዜ ተበላ፣ መልሶ ሊረሳው አይችልም። ሲጣበቅበት የመንኮራኩሩን መዝገብ ክፈት ይበሉት። ገና ያልተጣራ ነገር ያለባቸው ቦታዎች ምልክት አላቸው። እርስዎ ሊረዱት የሚችሉት «እስቲ ካነበብከው ውስጥ ያልገባህ የቱ ነው?» ብለው በመጠየቅ ነው፤ ጌም ማወቅ አያስፈልግዎትም።

እንዲሁም አንዳንድ ሰው መዞሩና መንሳፈፉ ያጥወለውለዋል። ልጅዎ መኪና ላይ ማንበብ የሚከብደው ከሆነ መጀመሪያ ቀን አጠር አድርገው ይሞክሩት።

የፊዚክስ_መምህርት፦

እኔ የማስተምራቸው ልጆች ስለሚያወሩለት ነው የማውቀው፣ በኋላ ራሴም ተጫውቼዋለሁ። እህቴ፣ ልጅሽ «የኛም ፀሐይ እንደዚህ ትፈነዳለች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን አሁኑኑ ያዢ፤ አትፈነዳም። እንደዚያ ለመፈንዳት አንድ ኮከብ ከፀሐያችን ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ የሚከብድ መሆን አለበት። የኛዋ ገና ወደ 5 ቢሊዮን ዓመት የሚሆን ነዳጅ አላት፣ ከዚያ በኋላም ተነፍታ ትቀላለች እንጂ ሱፐርኖቫ የሚባለው የኮከብ ፍንዳታ አይደርስባትም። እኔ ጋ ጥያቄውን ያመጡ ልጆች ቁጥሩን ሲሰሙ ትከሻቸው ሲቀልል ይታያል። የሚፈራ ልጅ «አይዞህ» ከሚባል ይልቅ ምክንያቱን ቢሰማ ይሻለዋል።

ሳይንሱ ላይ ብዙ እውነት አለበት። የእንቅስቃሴው ሕግ የኒውተን ነው፣ ዝም ብሎ አልተፈጠረም። ሁለት ፕላኔቶች አሉ፣ አሽ ትዊንና ኤምበር ትዊን የሚባሉ፣ እርስ በርስ የሚዞሩ። ከአንዷ ላይ አሸዋ እንደ ዓምድ ሆኖ ወደ ሌላዋ ይፈሳል። 22 ደቂቃው ውስጥ አንዷ እየተራቆተች የተቀበረ ነገር ይወጣባታል፣ የሌላዋ ዋሻዎች ደግሞ ይሞላሉ። ልጁ ስለዚህ የት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚሄድ ማሰብ አለበት፤ በጊዜ ካልወጣ አሸዋው ዋሻው ጣሪያ ላይ ያጣብቀዋል። እኔ ይሄንን ሳይ የክፍል ሥራ ባደርገው ብዬ ተመኝቻለሁ።

አንድ ማስተካከያ ብቻ። ሳታያቸው ቦታ የሚቀይሩ ድንጋዮችና አንዲት ጨረቃ አሉ፣ ኳንተም ይሏቸዋል። ይሄ ከእውነተኛው ሳይንስ የተወሰደ ሐሳብ ነው፣ ግን በጣም አጋንነውታል። እውነተኛው ነገር የሚታየው በአቶም መጠን ባሉ በጣም ትንንሽ ነገሮች ላይ ነው። ድንጋይ ዞር ስትዪ አይሄድም፣ ንገሪው።

የልጅ_እናት_ሜሪላንድ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። የስሙን ነገር ያነሣኸው ወንድሜ ተባረክ፣ እኔ ያየሁት ቪዲዮ የትኛው እንደሆነ ተመልሼ አረጋገጥኩ፣ ትክክለኛው ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። የሚያስፈራው ምን ያህል ነው? መሞቱንስ እንዴት ነው የሚያሳዩት? ሁለተኛ ደግሞ እኛ ቤት የሃይማኖት ነገር አለ፤ ጥንቆላ፣ ባዕድ አምልኮ፣ እንደዚህ ያለ ነገር ካለበት ማወቅ እፈልጋለሁ።

የአሌክሳንድሪያው_አባት፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ ሰዎች ነን፣ ስለዚህ እኔም በዚህ ዓይን ነው ያየሁት። ጥንቆላ የለበትም፣ መንፈስ መጥራት የለበትም፣ የሚመለክ ጣዖትም የለም። ኖማዮቹ ሳይንቲስቶች ናቸው፣ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሞክራሉ። የሚፈልጉት ነገር ግን ከዓለም ዕድሜ የበለጠ ነው ብለው የሚያምኑትን ነው፣ ስለዚህ ስለ ፍጥረት መጀመሪያና መጨረሻ ጥያቄ ያስነሣል። እኛ ቤት አስነሥቷል። ስለ ፍጥረት፣ ስለ ትንሣኤ፣ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምትል፣ ልጄ እንደዚያ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ሞቱ ላይ ደም የለም። ኦክስጅን ያልቅበታል፣ ይወድቃል፣ ይጋጫል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ከዚያ ይነቃል። አጽሞች አሉ፤ የኖማዮቹ አጽም ልብሳቸውን እንደለበሱ በየቦታው ተቀምጠው ይታያሉ። የሚያስደነግጥ ሆኖ ሳይሆን የሚያሳዝን ሆኖ ነው። ጽሑፋቸውን ሲቀላለዱ፣ ሲዋደዱ፣ ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ ስታነቢ ቆይተሽ ነው አጽማቸውን የምታገኚው።

የሚቀጥለው አንቀጽ ታሪኩን ይገልጣል፣ ለወላጅ ብቻ ነው፣ ልጅ አጠገብ አታንብቡት።

ልጆች መጀመሪያ ላይ ፀሐይዋን ማዳን ነው ሥራዬ ብለው ያስባሉ። የኔም ልጅ እንደዚያ ነው ያሰበችው። በኋላ ግን የፀሐይዋ መሞት የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ይደረስበታል፤ ዕድሜዋ አልቆ ነው፣ ሊያድናት የሚችልም የለም። ይህን ያወቀችበት ምሽት ልጄ ከሁሉም የከበዳት ምሽት ነበር። አላለቀሰችም፣ ግን ጌሙን አጥፍታ መጥታ ተጠጋችኝ። «ታዲያ ለምንድን ነው የምፈልገው?» አለችኝ። ስለዚህ አያቱን በቅርቡ ያጣ ልጅ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ሲደርስ አጠገቡ ሁኚ። ብቻውን በሩን ዘግቶ የሚደርስበት ነገር አይደለም። መጨረሻው ግን የሚያጽናና ነው፣ ተስፋ አለው፣ እኔ ራሴ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነው የጨረስኩት።

ቦሌ_ጌመር፦

ስለ ፍርሃቱ ልጨምር። ፍርሃት ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ዳርክ ብራምብል ይባላል። ጭጋግና እሾህ የሞላበት ነው፣ ውስጡ ግንባራቸው ላይ ብርሃን ያንጠለጠሉ፣ ከመንኮራኩሯ የሚበልጡ ጥርሳም ዓሦች አሉ። ድንገት መጥተው ይውጡታል። ወንድሜ 14 ዓመቱ ሆኖ እንኳ እዚያ ስንሄድ አንተ ንዳ ይለኝ ነበር። ከዓሦቹ የሚታለፍበት መንገድ አለ፣ ፍንጩን ሌላ ፕላኔት ላይ ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ወደዚያ አይቸኩል። ማታ ሳይሆን ቀን፣ መብራት በርቶ፣ እርስዎ ባሉበት ይሁን። ጃይንትስ ዲፕ የሚባለው ሙሉ በሙሉ ባሕር የሆነው ፕላኔትም በመጀመሪያ ያስደነግጣል፤ አውሎ ነፋሱ ደሴቶቹን ከነ ተጫዋቹ ወደ ጠፈር ይወረውራቸዋል። ግን ይለመዳል።

ለሚፈራ ልጅ አንድ ጥሩ ነገር አለው። ሲግናልስኮፕ የሚባል መሣሪያ ይይዛል፤ ወደ ሰማይ ሲያዞረው ከሱ በፊት የወጡት መንገደኞች በየፕላኔቱ ተቀምጠው የሚጫወቱትን ሙዚቃ ይሰማል። አንዱ ባንጆ፣ አንዱ ከበሮ፣ አንዱ ዋሽንት፣ አንዱ ሃርሞኒካ፣ አንዱ ደግሞ ያፏጫል። ከሩቅ ሆኖ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ካገኛቸው አንድ ዘፈን ይሆናሉ። ወንድሜ ጨለማ ቦታ ላይ ሲጨንቀው ቆም ብሎ እሱን ይሰማ ነበር። ከፈለገም ተከትሎት ሄዶ ያናግራቸዋል።

የፍራንክፈርት_ሰላም፦

ሁሉም እያሞገሳችሁት ስለሆነ የኛንም ልበል። የኔ ልጅ 10 ዓመቱ ነው፣ አልወደደውም። ጀርመንኛ አለው፣ ችግሩ ቋንቋው አልነበረም፤ ንባቡ በዛበት፣ የት ልሂድ ብሎ ይጠይቃል፣ ጌሙ አይነግረውም። እኔም ሥራ ውዬ ስመጣ አጠገቡ ቁጭ የምልበት አቅም አልነበረኝም። ሁለት ሦስት ፕላኔት አይቶ ተወው። እርግጥ ሌላ ጌም ላይ ሲሮጥና ሲዘል የሚውል ልጅ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ልጅሽ ንባብ የሚወድ፣ አንድ ነገር ሲይዝ የማይለቅ ዓይነት ከሆነ ግዢለት። «ጓደኛዬ አለው» ብቻ ከሆነ ምክንያቱ፣ መጀመሪያ ጓደኛው ቤት ይሞክረው።

የፊዚክስ_መምህርት፦

በዚህ እስማማለሁ። ከክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው የጨረሱት ጎበዞቹ ሳይሆኑ ጥያቄ የሚያበዙት ናቸው። ዝምተኛ የነበረች አንዲት ልጅ የኖማይን ነገር ለጓደኞቿ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣለች ስታስረዳ አይቻታለሁ።

የልጅ_እናት_ሜሪላንድ፦

የኔ ልጅ ጥያቄ ማብዛቱን እንኳ አትጠይቁኝ፣ መኪና ውስጥ አፉ አይዘጋም። ወስኛለሁ፣ እገዛለታለሁ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት፣ ሳሎን ውስጥ፣ አብሬው። እኛ ቤት ያለው የጌም መጫወቻ ስዊች የሚባለው ነው፣ ይሠራል? ዋጋውስ? ደግሞ ተጨማሪ ክፍል የሚባል ነገር አየሁ፣ አብሬ ልግዛው?

ቦሌ_ጌመር፦

ስዊች ላይ ይሠራል፣ በ2023 መጨረሻ ነው የወጣለት። ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስና ኮምፒውተር ላይም አለ። መደበኛ ዋጋው 25 ዶላር ገደማ ነው፣ ቅናሽም ስለሚወጣለት ካልቸኮላችሁ ጠብቁ። ስዊቹን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኙት፤ ጽሑፉ በትንሿ ስክሪን ዓይን ያደክማል፣ ለሁለት ሰውም አይመችም።

ተጨማሪው ክፍል ኤኮስ ኦፍ ዘ አይ ይባላል፣ በ2021 የወጣ ነው፣ 15 ዶላር ገደማ። አሁን አይግዙት። ከዋናው ይልቅ በጣም ያስፈራል፤ ጨለማ ውስጥ በፋኖስ መሄድ፣ መደበቅ፣ መባረር አለበት። ሠሪዎቹ ራሳቸው ፍርሃቱን የሚቀንስ ሴቲንግ አስገብተውለታል፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን ለሚፈራ ልጅ ከባድ ነው። ዋናው ያለ እሱ ሙሉ ነው፣ ምንም አይጎድለውም። ልጅዎ ከፍ ሲል እሱ ራሱ ይጠይቅዎታል።

መጀመሪያ ቀን መንደሩ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ያናግር፣ ሙዚየሙንም ይዙር። መንኮራኩሩን ለማስነሳት የሚሰጠውን የመነሻ ኮድ ከመቀበሉ በፊት ሰዓቱ አይቆጥርበትም፣ ስለዚህ እዚያ የፈለገውን ያህል ቢቆይ ችግር የለም። ማርሽሜሎም እሳት ላይ መጥበስ ይችላል፤ ካላየው ያቃጥለዋል።